የተሰነጠቀው ጠረጴዛና ተተኪው፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቀን 1

ሥራውን የጀመርኩት አዲስ እንጨት በመቁረጥ ሳይሆን አሮጌውን በመፍታት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በገዛ እጄ የሠራሁት የሶፋ ጠረጴዛ ገጹ በቁመቱ ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁ በአንደኛው ጫፍ የእርሳስ ጫፍ እስኪያስገባ ድረስ ሰፍቷል። እስከ ዛሬ ጥፋቱን በኮላው ላይ ሳሳብብ ቆይቻለሁ። ገልብጬ በደንብ ስመረምረው ግን ጣውላዎቹ የተጋጠሙባቸው የኮላ መስመሮች አንዳቸውም አልተላቀቁም፤ የተሰነጠቀው ጤነኛው እንጨት ነው፣ ያውም ከብሎኖቹ ረድፍ ጥቂት ሚሊሜትር ርቆ።

ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየፈታሁ ስቆጥር 14 ሆኑ። ገጹ ንቅንቅ እንዳይል ብዬ ከሥር በተጋደሙት እንጨቶች በኩል አጥብቄ ያሰርኳቸው ናቸው። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ሳላላ ከእንጨቱ ውስጥ አጭር የመንቃቃት ድምፅ ተሰማ፤ ስንጥቁም ዓይኔ እያየ በትንሹ ጠበበ። ሦስት ዓመት ሙሉ ግራና ቀኝ ተይዞ የተወጠረ ገጽ በዚያች ቅጽበት ተላቀቀ ማለት ነው። ገጹን ያጠፋው ኮላው ወይም እንጨቱ ሳይሆን ጥንካሬ መስሎኝ የጨመርኩት ብሎን መሆኑን የተረዳሁት ያኔ ነው።

የነገሩ ሥርዓት እንዲህ ነው። እንጨት በአየሩ ውስጥ ባለው እርጥበት ልክ ውኃ ይወስዳል፣ ይሰጣልም፤ ሲወስድ ያብጣል፣ ሲሰጥ ይሰበሰባል። ይህ ለውጥ ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በቃጫው ርዝመት የሚታየው ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ በስፋቱ ግን ከፍተኛ ነው፣ በዓመታዊ ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚሆነውም ከመሐል ወደ ቅርፊት ከሚሆነው በግምት እጥፍ ያህል ይበልጣል። ኦክን በመሰለ ጠንካራ እንጨት ላይ፣ ቀለበቶቹ በገጹ ተኝተው የሚታዩበት 60 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ገጽ በውስጡ ያለው እርጥበት በ1 በመቶ በተለወጠ ቁጥር ወደ 2 ሚሊሜትር የሚጠጋ ይሰፋል ወይም ይጠባል። ቤት ውስጥ በደረቁና በእርጥቡ ወቅት መካከል የ2 ወይም የ3 በመቶ ልዩነት ቢፈጠር የሚያስገርም አይደለም፤ ስለዚህ አንድ ገጽ በዓመት ውስጥ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል ማለት ነው። ይህን ያህል የሚንቀሳቀስ ነገር በ14 ብሎን ሲጠረቅ አንዱ ቦታ መልቀቁ አይቀርም።

አዲሱን ጠረጴዛ ስሠራ የምመራበት አንድ ደንብ አስቀምጫለሁ፦ ገጹ በቦታው ይያዛል እንጂ አይታሰርም።

ቀን 2

ልኩን ወሰንኩ። የሶፋው መቀመጫ ከወለሉ 44 ሳንቲሜትር ነው፤ ጠረጴዛው ከመቀመጫው ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ቢል ለተቀመጠ ሰው እጅ ስለሚመች ቁመቱን 42 አደረግሁት። ርዝመቱ 110፣ ስፋቱ 60 ሳንቲሜትር ይሆናል። ወለሉ ላይ በወረቀት ማጣበቂያ ፕላስተር ልኩን አስምሬ ደጋግሜ በዙሪያው ተመላለስኩ፤ በሶፋውና በጠረጴዛው መካከል የሚቀረው 40 ሳንቲሜትር ለእግር በቂ ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት 70 ስፋት ግን ጉልበት የሚመታ ሆኖ ስላገኘሁት ተውኩት።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ አራት እግሮች፣ እግሮቹን ከገጹ ሥር የሚያገናኙ አራት አግዳሚዎች፣ በላዩም ከአምስት ጣውላ የተጋጠመ ገጽ። ኮምፔንሳቶ ወይም ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ብጠቀም ስለ እንጨት መስፋትና መጥበብ ከመጨነቅ እድን ነበር፤ ሁለቱም በስፋታቸው ይህን ያህል አይንቀሳቀሱም። ነገር ግን ጠርዛቸውን በሌላ እንጨት መሸፈን ግድ ይሆናል፣ ሲፋቁም መልሶ መላግ አይቻልም። በዚያ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከአሮጌው ጠረጴዛ ጋር ያልጨረስኩት ሂሳብ አለ።

ቀን 3

ጣውላዎቹን መረጥኩ። ከክምሩ ውስጥ እያንዳንዱን አውጥቼ በአንድ ዓይን በርዝመቱ ተመለከትኩ፤ ዳር ዳሩ የጎበጠውን፣ እንደ ፕሮፔለር የተጠማዘዘውን፣ ጫፉ ላይ ፀጉር የሚመስል ስንጥቅ ያለውን ሁሉ መለስኩ። መጠነኛ ጉብጠት በመላጊያ ይቃናል፤ የተጠማዘዘ ጣውላን ማቃናት ግን ግማሽ ውፍረቱን ሰጋቱራና ፍቅፋቂ ማድረግ ነው። ለገጹ 27 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው አምስት የኦክ ጣውላዎች፣ ለእግሮቹም ካሬያቸው 5 ሳንቲሜትር ተኩል የሆኑ ወፍራም እንጨቶች ወሰድኩ። እግሮቹ አራት ቢሆኑም አምስት የሚወጣበትን ቆረጥኩ፤ አምስተኛው ለመሞከሪያ እንዲሆን ነው።

ቤት አምጥቼ ወዲያው አልነካኋቸውም። በሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ፣ በእያንዳንዱ ጣውላ መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች እያደረግሁ አየር ከላይም ከታችም እንዲያገኛቸው ደረደርኳቸው። ከአንዱ ጣውላ ጫፍ ላይ አንድ ቁራጭ ቆርጬ በማእድ ቤት ሚዛን ስመዝነው 412 ግራም ሆነ። ክብደቱን በቁራጩ ላይ ጻፍኩት።

ቀን 17

ቁራጩን በየሦስት ቀኑ ስመዝነው ቆይቻለሁ፤ 412፣ ከዚያ 403፣ 397፣ 394፣ ከትናንት ወዲያም 394። ክብደቱ መውረዱን አቆመ፤ ይህም እንጨቱ ከክፍሉ አየር ጋር ተስማማ ማለት ነው። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ያለው ሰው በአንድ ደቂቃ ያውቀዋል፤ የሌለው ሰው ደግሞ ሚዛንና ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። የወጣው 18 ግራም ውኃ ነው፤ ያ ሁሉ የወጣው ጠረጴዛው ከተሠራ በኋላ ቢሆን ኖሮ ገጹ ምን ይሆን እንደነበር አሮጌው ጠረጴዛ ያስረዳል።

ቀን 18

ቀኑን ሙሉ ላግሁ። ከመጀመሬ በፊት የመላጊያውን ምላጭ በመሳያ ድንጋይ ላይ እስከ 30 ዲግሪ አካባቢ ሳልኩት፤ የክንዴን ፀጉር እስኪላጭ ድረስ አልተውኩትም። በደነዘ ምላጭ ኦክ መላግ እንጨቱንም ሰውንም መቅጣት ነው።

የጣውላውን ጠማማነት ለማወቅ ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎችን በሁለቱ ጫፎች ላይ አጋድሜ፣ ዝቅ ብዬ የአንዱን አናት ከሌላው አናት ጋር አስተያየሁ። ሁለቱ አናቶች ተመሳሳይ መስመር ካልሠሩ ጣውላው ተጠምዝዟል። በዚህ መንገድ ከፍ ያሉትን ተቃራኒ ማዕዘኖች እየለየሁ መጀመሪያ አግድም፣ ከዚያም በቁመት ላግኋቸው። ሦስተኛው ጣውላ ላይ ቃጫው አቅጣጫ ከሚቀይርበት ቦታ ደርሼ ሳላስተውል ስገፋ፣ ምላጩ እንጨቱን ከመቁረጥ ይልቅ ነቅሎ አነሳው። የጥፍር ያህል የተቦጨቀ ቦታ ቀረ። ጣውላውን አዙሬ ከሌላው ጫፍ ስልግ ችግሩ ወዲያው ጠፋ፤ የጎኑን መስመር አይቶ ቃጫው ወደ ላይ በሚወጣበት አቅጣጫ መግፋት እንደሚገባ አውቅ ነበር፣ ግን እጅ ሲደክም ዓይንም አብሮ ይደክማል።

በመጨረሻም ውፍረቱ በሁሉም 22 ሚሊሜትር ሆነ።

ቀን 19

ጣውላዎቹን ወለል ላይ ደርድሬ ማን ከማን አጠገብ እንደሚሆን ወሰንኩ። አንዳንድ አናጢዎች የአንዱ ጣውላ ቀለበት ወደ ላይ ከጎበጠ የሚቀጥለው ወደ ታች እንዲጎብጥ እያፈራረቁ ይደረድራሉ። እኔ ይህን ደንብ አልተከተልኩም፤ ገጹን ከሥር ቀጥ አድርገው የሚይዙት አግዳሚዎች ስላሉ፣ ይልቅ የመረጥኩት መልካቸው የሚስማማውንና ሁሉም በአንድ አቅጣጫ የሚላጉትን ነው። ትናንት የተቦጨቀው ቦታ ለዚህ ውሳኔ ጥሩ ምክንያት ሆነኝ። ድርድሩ እንዳይምታታብኝም በአምስቱም ላይ የሚያልፍ አንድ ትልቅ ሦስት ማዕዘን በእርሳስ ሣልኩ፤ አንዱ ጣውላ ቦታውን ቢስት ሦስት ማዕዘኑ ይፈርሳል።

የመጋጠሚያ ጎኖቹን ስልግ ሁለት ሁለት ጣውላዎችን እንደ ተዘጋ መጽሐፍ ገጽ ለገጽ አጋጥሜ፣ በሞርሳ አንድ ላይ አሥሬ፣ ሁለቱን ጎኖች በአንድ ጊዜ ላግኋቸው። የዚህ ዘዴ ብልሃቱ መላጊያው በትንሹ ቢያዘነብል እንኳ በአንዱ ላይ የሚፈጠረው ስህተት በሌላው ላይ በተቃራኒ ስለሚፈጠር፣ መጽሐፉ ሲከፈት ሁለቱ ተደጋግፈው ቀጥ ያለ ገጽ መስጠታቸው ነው። ከዚያም በእያንዳንዱ መጋጠሚያ መሐል ላይ አንድ ሁለት ቀጭን ፍቅፋቂ ተጨማሪ አነሳሁ፤ ጫፎቹ ሲነካኩ መሐሉ ላይ ብርሃን በጭንቅ የሚያልፍበት ክፍተት ይቀራል። ኮላ ተቀብቶ በሞርሳ ሲጠበቅ ያ ክፍተት ይዘጋል፣ ጫፎቹም ከሁሉ በላይ ተጨምቀው ይያዛሉ፤ ገጽ ሲደርቅ መላቀቅ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከጫፉ ስለሆነ ይህ ከንቱ ድካም አይደለም።

ቀን 20

ኮላ የተቀባበት ቀን። ነጩ የእንጨት ኮላ ከተቀባ በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጋጠም ስላለበት፣ መጀመሪያ ያለ ኮላ ሙሉውን ገጠምን፤ አምስቱን ሞርሳዎች በየቦታቸው አስቀምጠን ማን ምን እንደሚይዝ ተነጋገርን። ወንድሜ ረዳኝ። «አንተ ቀባ፣ እኔ አጠብቃለሁ፤ ግን አትጩህብኝ» አለኝ፤ ባለፈው ጊዜ ምን ሆኖ እንደነበር አልረሳም። ሦስቱን ሞርሳዎች ከሥር፣ ሁለቱን ከላይ አድርገን አጠበቅን፤ ሁሉም በአንድ ወገን ቢሆኑ ገጹ ይጎብጣል። ከመጋጠሚያዎቹ ትናንሽ የኮላ ነጠብጣቦች በየቦታው እኩል ወጡ። የሚፈለገው ይህ ነው፤ ምንም ካልወጣ ኮላው አንሷል፣ እንደ ጅረት ከፈሰሰም ተርፏል። ለመጥረግ ግን አልቸኮልኩም። እርጥቡን ኮላ በጨርቅ መጥረግ ወደ ቃጫው ውስጥ ማሸት ስለሚሆን፣ በኋላ ዘይት የማይገባበት ነጭ ቦታ ሆኖ ይቀራል። ከ40 ደቂቃ በኋላ እንደ ጎማ ሲሆን በመሮ ልጬ አነሳሁት።

ቀን 21

ጠዋት ሞርሳዎቹን ስፈታ ደነገጥኩ። ከሥር የነበሩት ሦስት ሞርሳዎች የብረት ዘንጋቸው የኮላውን መስመር የነካበት ቦታ ሁሉ ጥቁር ሆኗል፤ ቡናማ ወይም ግራጫ ሳይሆን የቀለም እስክሪብቶ የፈሰሰበት የሚመስል ሰማያዊ ጥቁር። 12 ነጠብጣቦች ቆጠርኩ። ትልቁ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል፣ ዳርና ዳሩ ግን በቃጫው መስመር ተስቦ እንደ ስንጥር ቀጥኗል።

ምክንያቱን ማወቅ አስቸጋሪ አልነበረም። ኦክ ታኒን የሚባለው ንጥረ ነገር በብዛት ያለበት እንጨት ነው። ታኒን፣ ብረትና እርጥበት ሲገናኙ ጥቁር ቀለም ይሠራሉ፤ ለዘመናት የብራና ቀለም ሲዘጋጅ የኖረበት አንዱ መንገድም ይኸው ነው። በኮላው ውስጥ ያለው ውኃ እርጥበቱን ሰጠ፣ ሞርሳው ብረቱን፣ እንጨቱም የቀረውን። በሞርሳውና በእንጨቱ መካከል አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ባስቀምጥ ኖሮ አንዱም አይከሰትም ነበር።

ዕድሌ ሆኖ ሞርሳዎቹ የነበሩት በታችኛው ገጽ በኩል ነው። ከላይ የነበሩት ሁለቱ ደግሞ የተቀቡ ስለነበሩ ምንም አላደረሱም። መሮ ይዤ አንዱን ስፍቀው ጥቁረቱ ከግማሽ ሚሊሜትር የዘለለ አይደለም።

ለመላግ እጄን ቢበላኝም አልነካሁትም። በመጋጠሚያዎቹ ዙሪያ ያለው እንጨት ከኮላው ውኃ ጠጥቶ በትንሹ አብጧል፤ አሁን ብልገው ከቀናት በኋላ ሲደርቅ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ጎድጎድ ያለ መስመር ይታያል። ሦስት ቀን ግድግዳ ተደግፎ ይቆያል።

ቀን 24

ገጹን ከሁለቱም በኩል ላግሁ። ከጥቁሮቹ ነጠብጣቦች አሥራ አንዱ ጠፉ፤ አንዱን ከሥር ሆን ብዬ ተውኩት። ከዚያም ጠርዞቹን ቆርጬ 110 በ60 አደረግሁት።

ዛሬ አንድ ትንሽ ነገር ሠራሁ፤ ከሥራው ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። ቀጭን ዘንግ ወስጄ በገጹ ስፋት ላይ አጋድሜ፣ አንዱን ጫፍ ከአንዱ ጠርዝ ጋር አስተካክዬ፣ ሌላው ጠርዝ የሚያርፍበትን ቦታ በስለታም ቢላዋ ምልክት አደረግሁ፣ ቀኑንም ጻፍኩበት። ዘንጉ የተቆረጠው በቃጫው ርዝመት ስለሆነ እሱ ራሱ አይረዝምም፣ አያጥርም። ገጹ ሲንቀሳቀስ ምልክቱ ይናገራል።

ቀን 25 እና 26

እግሮቹ 5 በ5 ሳንቲሜትር ሆነው ተላጉ። አግዳሚዎቹ ስፋታቸው 8 ሳንቲሜትር፣ ውፍረታቸው 22 ሚሊሜትር ነው። መጋጠሚያቸው ወንዴና ሴቴ ነው፤ በአግዳሚው ጫፍ ላይ 8 ሚሊሜትር ውፍረትና 33 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ወንዴ ይወጣል፣ በእግሩም ላይ 35 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ሴቴ ይቦረቦራል። የወንዴው ውፍረት ከአግዳሚው ውፍረት አንድ ሦስተኛ አካባቢ መሆኑ የቆየ ደንብ ነው፤ ከዚያ ቢወፍር የሴቴው ግድግዳ ይሳሳል፣ ቢቀጥን ወንዴው ይሰበራል። ሁለት ወንዴዎች ከሁለት ጎን ገብተው በእግሩ ውስጥ ስለሚገናኙ ጫፎቻቸውን በ45 ዲግሪ ቆረጥኳቸው።

እግሮቹን ከሚፈለገው ቁመት 2 ሳንቲሜትር አስረዝሜ ከላይ በኩል ተውኩ። ሴቴው ለእግሩ አናት ቅርብ ስለሆነ በመሮ ሲመታ አናቱ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ትርፉ እንጨት ይህን ይከላከላል፣ ሥራው ሲያልቅ በመጋዝ ይቆረጣል። ሴቴዎቹን በድሪል ተከታታይ ቀዳዳ እየበሳሁ፣ የቀረውን በ8 ሚሊሜትር መሮ አጸዳሁ። በድሪሉ መብሻ ላይ 35 ሚሊሜትር ርቀት ላይ ፕላስተር መጠቅለል ጥልቀቱን ለመጠበቅ በቂ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት እዚህ ተፈጠረ። የሦስተኛው እግር ሁለተኛ ሴቴ ተቦርቡሮ ካለቀ በኋላ እግሩን ከጓደኞቹ ጋር ሳቆመው ቀዳዳው ወደ ውጭ ያያል። የእያንዳንዱ እግር ሁለት ሴቴዎች መሆን ያለባቸው ወደ ውስጥ በሚያዩት ሁለት ተጎራባች ፊቶች ላይ ነው። እኔ ደግሞ በዚህኛው ላይ የተሳሳተውን ፊት አስምሬያለሁ። አራቱን አንድ ላይ አቁሞ በአናታቸው ላይ አንድ ክብ መሣል፣ የውስጥ ፊታቸውንም መለየት ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር። ለመሞከሪያ የቆረጥኩት አምስተኛው እግር ቦታውን ተካ፤ የተበላሸው ደግሞ መሞከሪያ ሆነ።

ወንዴዎቹን በመጋዝ ትንሽ አወፍሬ ቆርጬ በመሮና በትንሽ መላጊያ እየቀነስኩ ገጠምኳቸው። በእጅ ግፊት የሚገባ፣ እግሩን ይዘው አግዳሚውን ሲያንጠለጥሉት የማይወድቅ ሲሆን ልክ ነው። መዶሻ የሚፈልግ ከሆነ ኮላ ሲጨመርበት እግሩን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ቀን 27

ያለ ኮላ ገጠምኩ፣ ፈታሁ፣ ከዚያም በኮላ ገጠምኩ። መጀመሪያ ሁለቱን አጫጭር ጎኖች፣ ሲደርቁም ሁለቱን ረጃጅም አግዳሚዎች። ሁሉም ማዕዘን ትክክል መሆኑን በስኳድራ ብቻ አላመንኩም፤ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒ ማዕዘን ያለውን ርቀት በሜትር ለካሁ። ሁለቱ ልኬቶች በ3 ሚሊሜትር ተለያዩ። ረጅሙ ልኬት ባለበት አቅጣጫ አንድ ሞርሳ አግድም አድርጌ ቀስ ብዬ ሳጠብቅ እኩል ሆኑ። በዚህ ጊዜ በሞርሳው አፍና በእንጨቱ መካከል ፕላስቲክ አለ።

ቀን 29

የሥራው እምብርት ዛሬ ነው። በአግዳሚዎቹ ውስጠኛ ጎን፣ ከላይኛው ጠርዝ 10 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ፣ 8 ሚሊሜትር ስፋትና 10 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ በአራቱም አግዳሚዎች ላይ ቦረቦርኩ። ከዚያም ከኦክ ቁራጭ አሥር ትናንሽ ማያያዣዎች ሠራሁ፤ እያንዳንዱ በአንድ በኩል ወደ ቦዩ የሚገባ ከንፈር አለው፣ በሌላ በኩል ደግሞ ብሎን ወደ ገጹ ይገባበታል። ብሎኑ የሚያስረው ማያያዣውን ከገጹ ጋር ነው፤ ከአግዳሚው ጋር የሚያገናኘው ግን ከንፈሩ ብቻ ነው፣ ከንፈሩም በቦዩ ውስጥ ይንሸራተታል። ገጹ ወደ ታች ተስቦ ይያዛል፣ ወደ ጎን ግን ነፃ ነው።

ከንፈሩ ከማያያዣው አናት ዝቅ የሚልበትን ልክ ከቦዩ ጣሪያ እስከ ገጹ ሥር ካለው ርቀት በአንድ ሚሊሜትር ያህል አሳንሼ ሠራሁት፤ በብሎኑ ሲጠበቅ ገጹን እንዲስብ ነው። በረጃጅሞቹ አግዳሚዎች ላይ ከንፈሮቹ ወደ ቦዩ የገቡት 6 ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ ከፊታቸው 4 ሚሊሜትር ባዶ ቦታ አለ። አሁን ያለነው በደረቁ ወቅት ስለሆነ ከዚህ በኋላ ገጹ የሚጠበቅበት መስፋት ነው፤ ሲሰፋም ማያያዣዎቹ ወደ ውጭ፣ ወደ ቦዩ ውስጥ ይሄዳሉ። በእርጥቡ ወቅት የሚሠራ ሰው በተቃራኒው ከንፈሩን ጠልቆ እንዲገባ ማድረግ አለበት፤ ያለዚያ ገጹ ሲሰበሰብ ከንፈሮቹ ከቦዩ ይወጣሉ። በአጫጭሮቹ አግዳሚዎች ላይ ማያያዣዎቹ በቦዩ ርዝመት ወዲያና ወዲህ ስለሚንሸራተቱ ይህ ጥንቃቄ አያስፈልግም። በአጫጭሮቹ አግዳሚዎች መሐል ላይ ግን ከሥር አንድ አንድ ብሎን አስገባሁ፤ ገጹ ሁሉም ወደ አንድ ወገን እንዳይሄድ ከመሐል ወደ ሁለቱም ጎን እኩል ይሰፋል። 14 የነበረው የማይላወስ ብሎን ወደ 2 ወረደ።

በእያንዳንዱ ማያያዣ ላይ ከአግዳሚው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጭን የእርሳስ መስመር አሰመርኩ።

ቀን 30

ጠረጴዛውን ሳቆመው ተንቀጠቀጠ። አንዱ እግር 1 ሚሊሜትር ተኩል አጥሯል፣ ወይም ሦስቱ ረዝመዋል፤ ሁለቱም አንድ ነው። ጠፍጣፋ መሆኑን በረጅም ቀጥ ያለ ዘንግ ባረጋገጥኩት ሰሌዳ ላይ አቁሜ፣ አጭሩን እግር በቀጭን ሽብልቅ ደግፌ፣ ከዚያ እርሳሱን በአንድ ቁራጭ እንጨት ላይ አስተኝቼ የአራቱንም እግሮች ዙሪያ በአንድ ከፍታ አሰመርኩ። በመስመሩ ላይ በመጋዝ ቆረጥኩ፣ የታችኛውንም ጠርዝ በዙሪያው በትንሹ አዘነበልኩት፤ ጠረጴዛው ሲጎተት እንጨቱ እንዳይገመስ ነው።

ቀን 31

በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ። ገጹ በመላጊያ ስለለሰለሰ ከ120 ጀምሬ ወደ 180፣ ከዚያ ወደ 220 አለፍኩ። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ገጹን በእርሳስ በስሱ ሞነጫጭሬ፣ የእርሳሱ ምልክት ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ በቃጫው አቅጣጫ ፈገፈግኩ፤ እንዲህ ካልተደረገ ሰው መሐሉን ደጋግሞ ፈግፍጎ ዳሩን ይዘላል። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ እንዲደርቅ ተውኩት። ውኃው የተጨቆኑትን ቃጫዎች ስላስነሳ ገጹ እንደ ያልተላጨ አገጭ ሻከረ፤ በ220 አንድ ጊዜ በቀስታ ሳልፍበት ለሰለሰ።

ቀን 32 እስከ 36

በቅቡ ጉዳይ ብዙ አመነታሁ። ንጹሕ የተልባ ዘይት እንጨቱን ያሳምራል፣ ለማደስም ቀላል ነው፣ ነገር ግን ትኩስ ስኒና የፈሰሰ ውኃ የሚያርፍበትን ገጽ አይጠብቅም። ቫርኒሽ ብቻውን ጠንካራ ሽፋን ይሠራል፣ ሲፋቅ ግን ቦታውን ብቻ ለይቶ ማደስ ያስቸግራል። ስለዚህ ሁለቱን ከማቅጠኛ ጋር በእኩል መጠን ቀላቀልኩ፦ አንድ እጅ የተልባ ዘይት፣ አንድ እጅ ቫርኒሽ፣ አንድ እጅ ተርፔንታይን። በጨርቅ ቀብቼ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቼ፣ ያልገባውን በደረቅ ጨርቅ አጥብቄ ጠረግሁ። በየቀኑ አንድ፣ በድምሩ አራት ጊዜ።

የታችኛውንም ገጽ ልክ እንደ ላይኛው አራት ጊዜ ቀባሁ። ማንም የማያየው ቢሆንም አንዱ ፊት ተሸፍኖ ሌላው ባዶ ከቀረ እርጥበት ከሁለቱ ወገን በተለያየ ፍጥነት ስለሚገባና ስለሚወጣ ገጹ ይጎብጣል።

የተቀባበትን ጨርቅ አጣጥፎ ወይም ጨብጦ ወደ ቆሻሻ መጣያ መጣል አደገኛ ነው። የተልባ ዘይት የሚደርቀው ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሙቀት ያመነጫል፣ ጨርቁ ከተጠቀለለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ያለ ምንም ክብሪት እሳት ሊነሳ ይችላል። ጨርቆቹን ከቤት ውጭ አንድ በአንድ ዘርግቼ ጠንክረው እስኪደርቁ ተውኳቸው።

አንዱን ቁራጭ አብሬ ስቀባ ስለነበር፣ በላዩ ላይ ሥሩ የረጠበ ብርጭቆ ሌሊቱን አሳደርኩ። ጠዋት ላይ ደብዛዛ ክብ ነበረበት፤ እኩለ ቀን ሳይደርስ ጠፋ።

ቀን 98

ዝናቡ ከጀመረ ስድስት ሳምንት ሆኗል። ዘንጉን ከተንጠለጠለበት አውርጄ እንደ መጀመሪያው ቀን ከገጹ አንድ ጠርዝ ጋር አስተካክዬ አጋደምኩት። የቢላዋው ምልክት ከሌላው ጠርዝ ጋር አይገጥምም፤ ገጹ ከምልክቱ 3 ሚሊሜትር አልፏል። መብራት ይዤ ከሥር ገባሁ። በረጃጅሞቹ አግዳሚዎች ላይ ባሉት ማያያዣዎች ሁሉ ያሰመርኳቸው የእርሳስ መስመሮች ወደ ቦዩ ውስጥ ገብተው አይታዩም፣ በአጫጭሮቹ ላይ ደግሞ ከመሐል የራቁት ከቦታቸው አንድ ሚሊሜትር ያህል ተንሸራተዋል። ስንጥቅ ፈለግሁ፣ አላገኘሁም። ሆን ብዬ የተውኩት ጥቁር ነጠብጣብ ግን እንዳለ ነው።

በዘንጉ ላይ አዲሱን ምልክት አድርጌ ቀኑን ጻፍኩበት፤ ደረቁ ወቅት ሲመለስ ለሦስተኛው ምልክት የሚሆን ቦታ አለው።